ለሟች ድምፅ ሶፍትዌር ስመርጥ

ሣጥን እሠራለሁ ስል ሰው ቀድሞ የሚመጣለት የሬሳ ሣጥን ነው። አይፈረድበትም፤ ሰፈራችን ውስጥ ከሠርግ ድንኳን ይልቅ የለቅሶ ድንኳን ማየት ከለመድን ሰነባብተናል። "ኧረ የድምፅ ማጉያ ሣጥን ነው!" ስል ደግሞ ፊቱ ላይ ቅር የመሰኘት ነገር አያለሁ። የሬሳው ቢሆን ሥራ አይቋረጥባትም ነበር ብሎ ያዝንልኛል መሰለኝ።

ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር፣ ተማሪዎች ከሚከራዩአቸው ክፍሎች ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ቤት አለችኝ። እዚያ ስፒከር እጠግናለሁ፤ ሣጥን እገጥማለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ የሞተ ሬዲዮ ከፍቼ፣ ሌላ የሞተ ሬዲዮ ከፍቼ፣ አንዱን በአንዱ እየጠጋገንሁ ነው የለመድሁት። የቀረውን ስልክ ላይ ከማያቸው ሰዎች ለቃቀምሁ። ባለቤቴ ጌትነት የጭነት መኪና ሹፌር ነው። "እኔን መንገድ ይበላኛል፣ አንቺን ኤሌክትሪክ ይበላሻል፤ እድሩ በእኛ ሊከስር ነው" እያለ ይስቃል። ቀልዱ ቤት ውስጥ ሲሆን ያስቃል። መንገድ ላይ ወጥቶ ስልኩ ዝም ሲል ግን ያው ቀልድ እንዴት እንደሚያንገበግብ እኔ አውቃለሁ።

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ አንድ ሶፍትዌር ምርጫ ነው። ሳቁ እንጂ! እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ሶፍትዌር መምረጥ ማለት ጫማ እንደመምረጥ ነው፣ ልክሽ የሆነውን አድርገሽ ትሄጃለሽ ብዬ ነው የገባሁበት። ስወጣ ባሌን ቀብሬ፣ ከሞት አስነስቼ፣ የሰፈሩን ሁሉ ንፍሮ አስበልቼ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ መኳንንት የሚባሉ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ አንድ ቀን ቤቴ መጡ። ነጠላቸው የሐዘን ነው፤ ከዘራቸው ከእሳቸው ቀድማ ገባች። ባለቤታቸው ውባለም፣ ነፍሷን ይማርና፣ በወገራ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። እሷ ያላለቀሰችለት ሟች በደንብ የሞተ አይመስልም ነበር ይላሉ። ታማ አልጋ ከያዘች በኋላ፣ ሐኪሞቹም ወደ ቤቷ ከመለሷት በኋላ፣ ተደግፋ አንድ ለቅሶ ትደርሳለች። የሚያለቅሱት ወጣቶች ናቸው። ቤቷ ስትመለስ ከሕመሙ ይልቅ ንዴቱ ነው የጣላት አሉ። "እነዚህ ናቸው እኔን የሚያለቅሱልኝ? ግጥሙ አይገጥም፣ እንባው አይወርድ! ልቀበር ነው ወይስ ልዋረድ?" አለችና የእህቷን ልጅ ስንዱን ጠርታ ስልኳን አስከፈተቻት። ከዚያ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ በሕይወቷ ሳለች፣ ለራሷ አለቀሰች።

ስንዱ የቀዳችውን አሰምታኛለች። አጀማመሩ እንዲህ ነው፤

እኔ ለሰው ሁሉ ሳለቅስለት ኖሬ፣
አልቃሽ አጥቼ ዋልሁ በገዛ ሀገሬ።

እንግዲህ በቀብሯ ቀን ይህን ከኪራይ ድምፅ ማጉያ ጋር አያይዘው ለቀቁት። ማጉያው ለጭፈራ የተሠራ ነው። ግጥሙ ውስጥ ያለውን ወፍራም ድምፅ ሁሉ አሳብጦ፣ ቃሉን ውጦ፣ ቡም ቡም ሲል ዋለ። ሰዎቹ እንደነገሩኝ ውባለም በርሜል ውስጥ ተዘግቶባት የምትጣራ ነበር የምትመስለው። አንድ ቃል የሰማ የለም።

"ምን ብላ እንዳለቀሰች ዘመዶችዎ አልነገሩዎትም?" አልኋቸው፣ ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ፣ በጩኸት።

"ነግረውኛል እንጂ፤ ችግሩ እሱ አይደል! ወንድሟን ጠየቅሁት፤ 'ጎበዝ አራሼ ብላሃለች' አለኝ። አማቼን ጠየቅሁት፤ 'አንበሳዬ ብላሃለች' አለኝ። ስንዱን ብጠይቃት ወጡ አረረብኝ ብላ ወጣች። ድስት እንኳ አልተጣደም ነበር።"

"እና ከስልኩ ላይ ለምን እርስዎ ራስዎ አይሰሙትም?"

"ስልክ ለኔ ዝንብ ነው፣ ልጄ። ዝዝዝ ይልና ያልፋል። ጆሮዬ እየሄደ ነው። ሐኪሙ የቀረችውም ትሄዳለች ብሎኛል። ሳትሄድ ውቤ ምን እንዳለችኝ ከራሷ አፍ ልስማ። ተዝካሯ ላይ አሰሚኝ።"

"ክፉ ብላዎት ቢሆንስ?"

ትንሽ አሰቡ። "ምላሷ መቼም ምላስ ነበር" አሉ። "ክፉም ቢሆን ለኔ የተባለ ነው፤ ለምን ሌላ ሰው ይያዘው?"

ይሄን ሰምቶ እምቢ የሚል ካለ ይምጣና ልየው።

አሁን ስለ ሥራው ጥቂት ልንገራችሁ፤ አጭር ነው፣ አትሽሹ። ሣጥን ውስጥ ትልቅ ስፒከር አለ፣ ቤዙን የሚያወጣ፤ ትንሽም አለች፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣ። በመካከላቸው አከፋፋይ ይቀመጣል። ከጥቅል የመዳብ ሽቦና ከጥቂት ዕቃዎች የሚሠራ ነገር ነው፤ ባለሙያዎቹ ክሮስኦቨር ይሉታል። ድግስ ቤት በር ላይ ቆሞ ካህናቱን በዚህ፣ ሴቶቹን በዚያ እያለ እንደሚያስቀምጠው ሰው አስቡት። ያ ሰው ከደነዘዘ ሁሉም አንድ ቦታ ይታጨቃል፤ ድግሱም ይበላሻል። የውባለም ቀብር ላይ የደነዘዘው እሱ ነበር።

አከፋፋዩን እንዲያው በግምት ሠርቶ መሞከር ይቻላል። ግን ሽቦውን በእጄ ነው የምጠቀልለው፣ ከተቃጠለ የወፍጮ ሞተር ፈትቼ። በተሳሳትሁ ቁጥር መልሶ መፍታት፣ መልሶ መጠቅለል ነው። ጣቶቼ ከማለቃቸው በፊት፣ ሳልጠቀልል ውጤቱን በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሳየኝ ሶፍትዌር እንዳለ ሰማሁ። አንድ ሶፍትዌር ቢሆን ኖሮ ይሄ ወግ እዚህ ያልቅ ነበር። ለካ ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያውን ሙሽራው አልሁት። ያምራል! መስመሮቹ በቀለም፣ ቁልፎቹ በወርቅ። ሽቦውን በጣት ስነካው ውፍረቱ ይቀየራል፣ መስመሩም ከፍ ዝቅ ይላል። ፍቅር ያዘኝ። ሣጥን መሥራቱን ትቼ ከሱ ጋር ስጫወት ሰነበትሁ። አንድ ቀን ጠዋት ከፈትሁት፤ ተቆልፏል። የሙከራ ጊዜሽ አብቅቷል፣ በውጭ አገር ካርድ ክፈይ አለኝ። ጎንደር ቁጭ ብዬ ያንን ካርድ ከማገኝ ውባለምን ራሷን አስነስቶ ማስደገም ይቀለኛል።

ሁለተኛውን አዋቂው አልሁት። እሱ አከፋፋዩን ራሱ አስቦ ይሰጣል ይባላል፤ የሚሠራው ግን በኢንተርኔት ብቻ ነው። የኛን ኢንተርኔት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሲመጣ ሳይናገር፣ ሲሄድ ሳይሰናበት ነው። አዋቂው ማሰብ በጀመረ ቁጥር መስመሩ ይቋረጣል። አሁን ድረስ እያሰበ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ጠያቂው ነው። አንዲት ሽቦ ለመሣል ከመፍቀዱ በፊት ስለ ስፒከሬ የማይጠይቀው የለም፤ የሚንቀጠቀጠው ወረቀቱ ስንት ይመዝናል፣ ማግኔቱ ምን ያህል ይስባል፣ ማን ሠራው፣ መቼ ተሠራ። እኔ ስለ ስፒከሬ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገደል ከገባ ሚኒባስ የተነቀለ ነው። ሹፌሩን ሰው ቀብሮታል፣ ስፒከሩ ወደኔ መጣ። ይሄን የምጽፍበት ቦታ አላገኘሁም።

አራተኛው አሮጌው ነው። ግራጫ፣ ደረቅ፣ አንድ ቀለም የሌለው። እንደ ለቅሶ ቤት ግድግዳ ባዶ ነው። ሲከፈት እንኳን ደህና መጣሽ አይልም። ገና ሳየው አስጠላኝና ዘጋሁት።

ግራ ሲገባኝ ኢንተርኔቱ በመጣ ቀን ስፒከር የሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎች የሚጨዋወቱበት ቦታ ገባሁና በትርጉም ማሽን እየታገዝሁ ጠየቅሁ፤ "የትኛውን ሶፍትዌር ልምረጥ?" ከዚያ በላይ የሚያጣላ ጥያቄ በዓለም ላይ እንደሌለ ያወቅሁት ያኔ ነው። አንዱ ጠያቂውን የማይጠቀም ሰው ጆሮ የለውም አለ። ሌላው ጠያቂውን የሚጠቀም ሰው ጭንቅላት የለውም አለ። ፎቶው ላይ ድመት ያቀፈ ሰውዬ በመካከል ገብቶ፣ "እኅቴ፣ ሣጥኑ የሚቀመጠው ምን ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው?" አለኝ።

"ድንኳን ውስጥ፤ ተራራ ላይ። የሞተች ሴት ለራሷ ያለቀሰችውን መስማት የተሳነው ባሏ እንዲሰማላት ነው" ብዬ ጻፍሁ።

አንዱ የአበባ ሥዕል ላከልኝ። ከዚያ ጠባቸውን ከተዉበት ቀጠሉ።

ከጠቡ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ለቀምሁ፤ ሁሉም የሚስማሙበት። ስፒከሩ የፋብሪካ ማስረጃ ከሌለው ራስሽ ለኪው አሉ። ሣጥኑን ከግድግዳ አርቀሽ፣ ከፍ አድርገሽ፣ ጫጫታ በሌለበት ሰዓት መለኪያ ድምፅ ልቀቂበት፤ በማይክ ቅጂው፤ የፈለግሽው ሶፍትዌር ያንን ይበላል።

ጫጫታ የሌለበት ሰዓት እኛ ሰፈር ንጋት ነው። ባጃጆቹ ሳይነሡ፣ የቅዳሴው ድምፅ ከተቋረጠ በኋላ። በአንድ ማለዳ ጓሮዬ ውስጥ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ላይ ደርቤ፣ ሣጥኑን ከላይ አወጣሁና የመለኪያውን ድምፅ ለቀቅሁት።

ይሄ ድምፅ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ከታች ከሆድ በሚወጣ ጉርምርምታ ይጀምራል። ቀስ እያለ ይነሣል፤ ይቀጥናል፤ ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ ጩኸት ይሆንና ቀጥ ይላል። ትንፋሿን ይዛ ይዛ ያቃታት ሴት ናት በሉ። ደግሞ አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ደጋግመሽ ልቀቂው ብለውኛል። እኔም ደጋገምሁት። ሙሉ ድምፅ ከፍቼ፣ በንጋት፣ ሣጥኑን ወደ ሰፈሩ አዙሬ።

ላፕቶፑ ላይ የመጀመሪያው መስመር ሲሣል በደስታ እጄን አፌ ላይ አደረግሁ። ያኔ በሩ ተንኳኳ።

ከፈትሁ። ፊት ለፊት እትዬ ዘውዲቱ ቆመዋል፤ ጎረቤቴ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከኋላቸው የሰፈሩ ሴት ሁሉ፣ ከሴቶቹ ኋላ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ጣል አድርገው። የሚናገር የለም። ሁሉም እኔን ያዩኛል።

እኛ አገር በንጋት ሰው ተሰብስቦ በርሽ ላይ ከቆመ አንድ ነገር ብቻ ነው። መርዶ ነው። ጌትነት ወደ መተማ ከሄደ ድምፁን አልሰማሁም። መንገዱ እንደሆነ እንደምታውቁት ነው።

"ጌትነት!" ብዬ ጮኽሁና መሬት ወረድሁ።

"ወይኔ፣ ጌትነት ነው!" አሉ እትዬ ዘውዲቱ ወደ ኋላ ዞረው፤ ሰፈሩም አንድ ላይ ዋይ አለ።

ልብ በሉልኝ። እኔ እነሱ ሊያረዱኝ የመጡ መሰለኝ። እነሱ ደግሞ እኔ ተረድቼ ሳለቅስ የሰሙኝ መሰላቸው። ማን እንደሞተ እንኳ አያውቁም ነበር፤ ስሙን የነገርኋቸው እኔ ነኝ። ባሌን ከሹፌርነቱ አንሥቼ በገዛ አፌ ሬሳ አደረግሁት።

ደረቴን እንዳልደቃ እጄን ግራና ቀኝ ያዙኝ። ድንኳን መጣ፤ ወንበር መጣ። አንዷ ጓዳ ገብታ ንፍሮ ጣደች። ሌላዋ ጠረጴዛውን ለማስለቀቅ ላፕቶፑን ጠቅ አድርጋ ዘጋችው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ግማሽ ልቤ "ጌትዬ፣ ጌትዬ" እያለ ግማሹ "ሳላስቀምጠው ዘጋችው! የለካሁት ሁሉ ጠፋ!" እያለ ነበር። የሁለቱንም እንባ አንድ ላይ አፈሰስሁት፤ ሰው የለየልኝ የለም።

በመሐል አያ መኳንንት ደረሱ። ስለ ሣጥኑ ሊጠይቁ በማለዳ መኪና ነው የመጡት። ድንኳን አዩ፣ ሰው አዩ። ምንም የሰሙት ነገር የለም፤ ከዘራቸውን አስደግፈው ተቀመጡና ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ስበው አለቀሱ። እኔ እንደ እሳቸው አጥርቶ ያለቀሰ ሰው ድንኳኑ ውስጥ አላየሁም።

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል የእድሩ ዳኛ ጋሽ ፀጋዬ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "እንግዲህ ቀብሩን እንድናሰናዳ፤ አስከሬኑ የት ነው ያለው?"

ሁሉም እኔን አየኝ። እኔ እነሱን አየሁ።

"እናንተ አይደላችሁም የምታውቁት?" አልሁ፣ ድምፄ ተዘግቶ።

"ምን እናውቃለን? የነገርሽን አንቺ!" አሉ እትዬ ዘውዲቱ።

"እኔን የነገረኝ ማነው? እናንተ ናችሁ እንጂ ያረዳችሁኝ!"

"መች ተናገርን? አፋችንን ከፈትን? አንቺ አይደለሽም ከንጋት ጀምረሽ ሰፈሩን በዋይታ ያናወጥሽው?"

ከኋላ አንድ ሰው "ለምን ስልኩ ላይ አንደውልም?" አለ። የሞተ ሰው ስልክ ላይ መደወል ማንም አልፈለገም። በመጨረሻ ጋሽ ፀጋዬ አማትበው ደወሉ፤ ድምፁንም ለሁሉ እንዲሰማ ከፈቱት። ጠራ። ጠራ።

"አቤት፣ ጋሽ ፀጋዬ! ምነው በጠዋቱ?" አለ የባሌ ድምፅ፣ ወፍራም፣ እንቅልፋም። "ማን ሞተ?"

ጋሽ ፀጋዬ ግራ ገባቸው። ዋሽተው አያውቁም። "አንተ" አሉት።

እንዲያ ያለ ለቅሶና ሳቅ አንድ ላይ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ስልኩን ነጥቄ ስሰድበው፣ እሱ "ምን አጠፋሁ? መኪናው ተበላሽቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ..." ሲል፣ ሴቶቹ እልል ብለው ነጠላቸውን መልሰው ሲያስተካክሉ። አንዲት ሴትዮ ብቻ ጥግ ላይ ማልቀሷን አላቆመችም። ልጇ ከሄደ ያልተመለሰባት ናት። "ተነሺ፣ ደህና ነው እኮ" ሲሏት "አውቃለሁ፤ አንዴ ጀምሬዋለሁ፣ የራሴን ልጨርስ" አለች። ተዉአት። እኔም አጠገቧ ተቀመጥሁ።

ንፍሮው ደርሶ ስለነበር ተበላ። ጋሽ ፀጋዬ ግን ዳኛ ናቸውና አልተዉኝም። "ለመሆኑ ያለቀሰችው ማን ነበረች?" አሉ። በኀፍረት ላፕቶፑን ከፈትሁ፤ ድምፁንም ለቀቅሁላቸው። ጉርምርምታው ጀመረ፤ ወጣ፤ ቀጠነ፤ ጮኸ።

"በስመ አብ!" አሉ እትዬ ዘውዲቱ። "ሰው ቢያለቅስ እንኳ እንዲህ አያምርለትም። ድገሚው እስቲ።"

ስደግመው አያ መኳንንትን አየኋቸው። እስካሁን ማንም ሁኔታውን አልነገራቸውም፤ ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ አሁንም ለማያውቁት ሟች እያዘኑ ነው። ድምፁ ሲጀምር ዝም ብለው ነበር። መሐሉ ላይ ሲደርስ ግን ድንገት ቀና አሉ። "ማናት ይቺ?" አሉ። ድምፁ ከዚያ ወዲያ ሲወጣ ፊታቸው መልሶ ጠፋ። "ሄደች" አሉ።

ደገምሁት። እዚያው ቦታ ላይ ቀና አሉ፤ እዚያው ቦታ ላይ "ሄደች" አሉ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሶፍትዌሮቹ ሁሉ የሚመኙት ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ሁሉንም ድምፅ እኩል የሚያወጣ። ቀጥ ያለ መስመር ለደህና ጆሮ ነው። የአያ መኳንንት ጆሮ ግን በሩን ሁሉ ዘግቶ አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ትቷል። ውባለም መግባት ያለባት በዚያች መስኮት ነው።

መለኪያውን በሌላ ቀን፣ ሰፈሩን አስቀድሜ አስጠንቅቄ፣ እንደገና ሠራሁት። እትዬ ዘውዲቱ ወንበር ይዘው መጥተው አዳመጡ። ከዚያ በመስመሩ መሐል ላይ ተራራ የሚያወጣ አከፋፋይ ልሥል ተነሣሁ። ጠያቂው በቀይ ጻፈብኝ፤ ስህተት ነው። መስመርሽ ጎብጧል። እንደገና አስቢ። እኔ ስሥል እሱ ሲሰርዝ ዋልን። በመጨረሻ ያንን ግራጫ አሮጌ ከፈትሁት። ተራራዬን ሣልሁበት። ምንም አላለኝም። ያሰብሁትን ሣለልኝ፤ ሽቦው ምን ያህል እንደሚጠቀለል ነገረኝ፤ አለቀ። ያን ሁሉ ቀን የፈለግሁት ምክር የማይሰጠኝን ኖሯል።

ለተዝካሩ ሣጥኑን በጌትነት መኪና ጭነን አምባ ጊዮርጊስ ወጣን። መንገድ ላይ ባገኘን ፍተሻ ሁሉ "ምን ያለበት ሣጥን ነው?" ይሉናል። ጌትነት "የሞተች ሴት ድምፅ" ይላል። ቀልዱን የሚወድ አልተገኘም፤ በየቦታው አስወረዱን።

የውባለም ንስሐ አባት ለሙሾ ነገር ደስተኛ አልነበሩም። "ጸሎቱ ካለቀ፣ ሰውም ከበላ በኋላ፣ ለባልየው ያህል ብቻ" ብለው ፈቀዱ። ብርዳም ነፋስ ድንኳኑን ያርገበግበዋል። አያ መኳንንትን ከሣጥኑ ፊት ለፊት አስቀመጥናቸው። ለቀቅሁት።

ለእኛ ለደህነኞቹ የወጣው ድምፅ ልክ አፍንጫዋን የተያዘች ሴት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስትጮህ ነው። ሰው ጆሮውን ያዘ። ካህናቱ ወደ ውጭ ፈቀቅ አሉ። አንዱ "የኪራዩ ይሻል ነበር" ሲል ሰማሁት። እኔ ግን የማየው የአያ መኳንንትን ፊት ብቻ ነው።

ሰሙ።

መጀመሪያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከእሷ ኋላ ኋላ ግጥሙን መድገም ጀመሩ። ወንድሟን ስታነሣ ራሳቸውን ነቀነቁ። የታረደ በሬዋን ስታነሣ "እውነቷን ነው" አሉ። ሰፌድ ተውሳ ያልመለሰችላትን ጎረቤት በግጥም ስትወጋት ድንኳኑ ሁሉ ወደ አንዲት ሴት ዞረ፤ አያ መኳንንትም ከት ብለው ሳቁ። ወጣቶቹን አልቃሾች አዋረደቻቸው። አቀበቱን፣ ጅረቱን፣ የቤቷን ምሰሶ ሳይቀር ስም እየጠራች ተሰናበተች። እሳቸው ጆሯቸውን ወደ ሣጥኑ አስጠግተው ይጠብቃሉ። ዘመዶቹ መሬት መሬቱን ያያሉ።

ግጥሙ አለቀ። ስማቸው አልተነሣም።

እኔ አውቅ ነበር፤ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የማላውቀው ይሄን ፊት ነበር።

"አለቀ?" አሉ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

"እኔስ?"

እንደ ወትሮዬ ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ፤ ከግጥሙ በኋላ ያለው ኮሽታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አያ መኳንንት ግን እጄን ያዙኝ። "ተይው" አሉ። ምን እንዲያደርግላቸው እንደፈለጉ እንጃ፤ ዝምታዋንም ቢሆን ሊሰሙ ይሆናል።

ኮሽታው ቀጠለ። የአልጋ ድምፅ። ሳል። በር ተከፈተ። ከዚያ ሙሾ ያልሆነ፣ የቤት ውስጥ የተራ ንግግር ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከስልኩ ራቅ ብሎ፣ በዚያ በጎበጠው መስመሬ አናት ላይ ወጥቶ ጥርት ብሎ ተሰማ፤

"በቃ ስንዱ፤ የሱ ስንኝ ላይ አልደርስም። መጣ። አጥፊው፣ ሰምቶ እንዳይከፋው።"

ከዚያ ተዘጋ።

ስንዱ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ነፋሱ ብቻ ድንኳኑን ይመታል። አያ መኳንንት ሣጥኑን ለረጅም ጊዜ አዩት። ደንቆሮ ሰው ሲናገር ድምፁን አያውቀውም፤ እሳቸውም እዚያ ያለው ሰው ሁሉ፣ ከድንኳኑ ውጭ የቆሙት ካህናት ሳይቀሩ እንዲሰሙ አድርገው፣

"አልከፋኝም፣ ውቤ" አሉ። "ኧረ አልከፋኝም። ቀጥይ።"

ሁላችንም ሣጥኑን አየነው።